ከሻሹ ሥር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም፤ ለፓስተራችን አልነገርኩም፤ ተንበርክኬ ስጸልይ እንኳ ዙሪያውን እዞረዋለሁ እንጂ በስሙ አልጠራውም፤ እግዚአብሔር የማያውቀው ይመስል። እናንተ አታውቁኝም፤ እኔም አላውቃችሁም። ስለዚህ ልናገር። እኔ የባሌን እናት እብድ አሰኘኋቸው። እብድ አልነበሩም። አለመሆናቸውንም አውቅ ነበር።

እማማ ብርቅነሽ ከአዲስ አበባ ወደ እኛ፣ ወደ አሜሪካ፣ ኦክላንድ፣ የመጡት ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ልጃችን ሶስና ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ባለቤቴ ዳዊት እዚያው አቅራቢያ ኒውአርክ መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር፤ እኔ ሄይዋርድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነርስ ኤይድ፣ የነርስ ረዳት፣ ነበርኩ። እማማ አብረውን ኖረው ሶስናን እንዲያሳድጉልን ነበር ሐሳቡ፤ እሳቸውም ከዚህ ሌላ ምኞት አልነበራቸውም። ብዙም ሳይቆይ ለእኔ በእንግሊዝኛ ብቻ የምትመልሰው ልጄ ለእሳቸው «እሺ አያቴ» ማለት ጀመረች። አልጋዋን ትታ ከእሳቸው ጋር ተኛች። ዳዊትም ከሥራ ሲገባ ከበር ላይ የሚጠራው እናቱን ሆነ። ቀናሁ። ሌላ ስም ላውጣለት ብል ውሸት ይሆናል፤ ቀናሁ።

በዚያው ክረምት ዳዊት ከሥራ ቦታው በዕጣ የአላስካ መርከብ ጉዞ ደረሰው። ለሁለት ሰው ነበር፤ ለእናቱና ለሶስና ጨምሮ ከፈለና አራት ሆነን ከሳን ፍራንሲስኮ ተሳፈርን። ጊዜው የፍልሰታ ጾም ነበር። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ እማማ ግን አጥባቂ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸው እንኳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምሱም።

«እማማ፣ ባሕር ላይ እኮ ጾም የለም» ብዬ ቀለድኩባቸው።

«ባሕሩን ማን ፈጠረው?» አሉኝ።

የሳን ፍራንሲስኮን ድልድይ አልፈን ወደ ሰሜን ስንሄድ የመጀመሪያው ቀን ሰላም ነበር። በማግስቱ ሠራተኞቹ ምንም ሳይናገሩ የመዋኛውን ውሃ አፍስሰው መረብ ዘረጉበት፤ ወንበሮቹን እርስ በርስ አሰሩ። ቀጥለው በየደረጃው መደገፊያ ላይ የወረቀት ከረጢት ሲሰኩ አየሁ፤ የማስታወኪያ። ፈገግ እያሉ ነበር የሚሰኩት። ያ ፈገግታቸው ከማዕበሉ በላይ አስፈራኝ። ወዲያው ባሕሩ ጠቆረ፤ መስኮታችን አንዴ ሰማይ አንዴ ውሃ ብቻ ማሳየት ጀመረ።

ሁላችንም ታመምን። እማማ ግን ባዶ ሆዳቸውን ነበሩና የሚያስመልሱት አጥተው ሐሞት አስመለሱ። ዳዊት የባሕር በሽታ ክኒን አምጥቶ ለመናቸው።

«እማዬ፣ መድኃኒት ነው፤ ፕሊስ ዋጪው» አላቸው።

«ከዋጥኩማ ምኑን ጾምኩት?» አሉት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቢውጡትም አልረጋላቸውም።

እዚህ ላይ ነው እኔ የምገባው። ቦርሳዬ ውስጥ ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፍ፣ ማቅለሽለሽ የሚያስታግስ ትንንሽ ፕላስተር ነበረኝ። ከሥራ ቦታዬ ነው የወሰድኩት፤ ከሞተች ታማሚ መሳቢያ፤ ሊጣል የነበረ። ሰረቅሁት በሉት። አንዱ ለሦስት ቀን እንደሚበቃ አውቃለሁ። ሌላም ነገር አውቃለሁ። እኛ ዘንድ አንድ ሽማግሌ ይኸው ፕላስተር ተለጥፎላቸው ከመጋረጃው ጋር ሲያወሩ ዋሉ፤ አለቃችን ነርስ መጥታ ነቀለችላቸውና «ሽማግሌ ላይ ይኼ ነገር አእምሮ ያዛባል፤ ዋች አድርጉ» አለችን። ቆሜ ሰምቻለሁ። አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም።

«ይኼስ ጾም አይፈታም?» አሉኝ እማማ።

«አይፈታም እማማ፤ አይዋጥም እኮ።»

አንዱን ለጠፍኩ። መርከቡ እንደገና ሲንገላታ አንዱ ካልበቃስ ብዬ በሌላው ጆሯቸው ጀርባ ሁለተኛውን ለጠፍኩ። ያን ጊዜ በክፋት አልነበረም፤ ሲሰቃዩ ማየት አቅቶኝ ነው። «እጅሽ ይባረክ ልጄ» አሉኝና ሻሻቸውን በሁለቱም ጆሯቸው ላይ አጥብቀው አሰሩት። ዳዊት ተኝቶ ነበር፤ አላየም።

ሲነጋ ማስመለሱ ቆመ። ባሕሩ ግን እንደተቆጣ ነው። እማማ አፌ ደረቀ አሉ። ዓይናቸውን ሳየው ብሌኑ ሰፍቶ ጠቁሯል። ብርድ ልብሱ ላይ የሌለ ክር ይለቅሙ ጀመር። ያን ጊዜ ገባኝ። ማንሳት ነበረብኝ። ለምን አላነሳሁም? ዳዊት አጠገባቸው ተቀምጧል፤ ሻሻቸውን ብፈታ ይጠይቀኛል። «ትንሽ ይተኙ፣ ይለቃቸዋል» ብዬ ሻይ ላመጣ ወጣሁ። ዳዊትም ፊቱን ሊታጠብ ገባ። እማማ ብድግ ብለው የሶስናን እጅ ያዙና ወጡ።

ወደ ውጭ በሚያወጣው የብረት በር ላይ ደረስኩባቸው። ገርበብ ብሎ ነፋሱ ያፏጫል፤ ውሃው እስከ ደፉ ይመታል። እማማ ከብዙ ዓመት በፊት የሞተው ታላቅ ልጃቸው ጌታቸው ማዕበሉ ላይ ቆሞ ይታያቸዋል። «ጌታቸው እየጠራን ነው፤ እንሂድ» እያሉ ሶስናን ይጎትታሉ። ልጄ «ስቶፕ አያቴ! ስቶፕ!» እያለች ትጮኻለች። አንድ የመርከብ ሠራተኛ በሩን በትከሻው ገፍቶ ዘጋው፤ ዳዊትም እየሮጠ ደርሶ ሶስናን አቀፋት። እናቱን ያየበትን ዓይን አልረሳውም። እንደ አውሬ አያቸው።

የመርከቡ ሐኪም ተጠራ። ዳዊት ከሶስና ጋር ስለነበር አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። የወሰዱት መድኃኒት፣ የተቀቡት፣ የለጠፉት ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ለእማማ ልተረጉምላቸው ይገባ ነበር፤ አፌን እንኳ ወደሳቸው አላዞርኩም። «ኖ፣ ናቲንግ» አልኩት። እጁን ወደ ራሳቸው ሲዘረጋ ደግሞ በእኛ ባህል የሴት ሻሽ ወንድ አይነካም አልኩት። እንዲህ ያለ ባህል የለንም። እሱ ግን ጨዋ ሰው ነበር፤ ይቅርታ ጠይቆኝ እጁን ሰበሰበ። ይቅርታ ጠየቀኝ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔም የወጣውን ልመልሰው አልሞከርኩም። ሐኪሙ እንደሄደ እማማን መታጠቢያ ቤት አስገብቼ ሁለቱንም ነቀልኩና ሽንት ቤቱ ውስጥ ጣልኩ።

ውለው አድረው ወደ ልባቸው ተመለሱ። የአላስካው የበረዶ ተራራ አጠገብ ስንደርስ እንደ እኔና እንደ እናንተ ጤነኛ ነበሩ። የሆነውን ሲሰሙ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ዳዊት በእናቱና በልጁ መካከል ተቀምጦ ነበር፤ እስክንመለስ ድረስ ከዚያ ቦታ አልተነሳም።

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ሥራዬን አጣለሁ፣ ሌባ እባላለሁ ብዬ ፈርቼ ነው ስል ኖሬያለሁ። ፍርሃቱ እውነት ነው። ግን ዳዊት «ከእንግዲህ ሶስናን ለሷ አልተውም» ሲለኝ ውስጤ የተሰማኝን ደግሞ ማን ይናገረው? ዕረፍት ተሰማኝ። ልጄ ተመለሰችልኝ አልኩ። እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሳን ሆዜ ያለው ጉባኤያችን ሰምቶ ሊጸልይላቸው ተሰበሰበ። እማማ በደህናው ጊዜ ቢሆን እግራቸውን አያነሡም ነበር፤ ፈርተው መጡ፤ ራሳቸውን ፈርተው። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጭነው ክፉውን መንፈስ ገሠጹ። እኔም እጄን ጫንኩ። መዳፌ ሻሻቸው ላይ፣ ከጆሯቸው በላይ ነበር። «አሜን» አልኩ፤ ከሁሉም ጮክ ብዬ።

ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ተወሰነ። ሳን ፍራንሲስኮ ኤርፖርት ዳዊት ሻንጣ ሲያስመዝን እማማ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«ልጄ፣ አንቺ የሕመምተኛ ሰው ታውቂያለሽ። እውነቱን ንገሪኝ፤ አብጄ ነበር?»

ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነበር። አንድ ቃል ይበቃቸው ነበር።

«ደክሞዎት ነው እማማ» አልኩ። «ራስዎን ይጠብቁ።»

ራሳቸውን ጠበቁ። ከሞቱ በኋላ ለቅሶ ስንደውል እህታቸው ነገሩን፤ ከአሜሪካ ከተመለሱ ወዲህ የሰው ልጅ አቅፈው አያውቁም አሉ። ጎረቤት ሕፃን ይዞ ሲመጣ «ከኔ ጋር ብቻውን እንዳትተዉት» እያሉ ወደ ጓዳ ይገቡ ነበር። ዳዊት ስልኩን እንደያዘ አለቀሰ። እኔ ሳህን አጥብ ነበር፤ ማጠቤን ቀጠልኩ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። ዳዊት አሁን አርጅቷል፤ መኪናውን ያቆመበትን ይረሳል፤ የሰው ስም ይጠፋበታል። እንደ ዕድሜ እኩዮቹ ነው። እሱ ግን «የእናቴ ነገር ጀመረኝ» ይላል። ትናንት ሶስና ልጇን ይዛ መጥታ ነበር። ሕፃኗን ልታሳቅፈው ስትል እጆቹን ወደ ኋላው ደበቀ።

«ኖ፣ ኖ፤ ለእናትሽ ስጫት» አላት።

እኔ ተቀበልኳት። ገላዋ ይሞቅ ነበር።

እማማን ይቅርታ የምጠይቅበት አገር የለም። ፈርቼ ነው፣ ወጣት ነበርኩ፣ ባሕሩ ነው፤ አንዱንም አልልም። ዳዊትንም ይቅር በለኝ ብዬ አልጀምርም፤ ይቅርታ ከጠየቅሁት ደግ ነውና እኔን ማጽናናት ይጀምራል። ዛሬ ማታ ጎኑ ተቀምጬ እጆቹን እይዝና እንዲህ እለዋለሁ፦ እናትህ አላበዱም ነበር።