የጳጉሜን ሦስቱ ወርዋሪ

ባዩ መርዕድ ደምመላሽ ሐሙስ ጳጉሜን 3 ቀን 1997 ዓ.ም. ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት በአዲስ አበባ ከተማ ተወለደ። ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 8 ቀን 2005 ነው። አንባቢ ይህን ቀን ልብ እንዲልልኝ እጠይቃለሁ፤ የልጁ ዕድል ሊሰናከል የደረሰውም የተቃናውም በዚሁ ቀን ምክንያት ነውና።

አባቱ አቶ መርዕድ በለንደን የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ቤተሰባቸውን ከአዲስ አበባ ለማስመጣት ቅጽ ሲሞሉ፣ በእጃቸው ያለው የልጃቸው የልደት ወረቀት ወሩን «13» ይላል። ዓመቱ ላይ ስምንት ደምረው በትክክል 2005 አደረጉት። ወሩ ላይ ሲደርሱ ግን ኮምፒውተሩ ዐሥራ ሦስተኛ ወር አልቀበልም አለ። አቶ መርዕድ ጥቂት አሰቡ፤ የእኛ የመጨረሻ ወር ጳጉሜን ከሆነ የእነርሱ የመጨረሻ ወር ዲሴምበር ነው ብለው «3 ዲሴምበር 2005» ብለው ጻፉ። ክፋት አልነበረበትም፤ ጥንቃቄም አልነበረበትም። ከዚያ በኋላ የወጣው ወረቀት ሁሉ ያንኑ ተከተለ።

ባዩ በስድስት ዓመቱ ከእናቱ ከወይዘሮ አልታየሽ ጋር በለንደን ቶተንሃም ወደሚባለው ሰፈር ገባ። በየዲሴምበሩ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ኬክ ይቆርሳል፤ እናቱ ደግሞ በየዓመቱ በጳጉሜን ሩፋኤል ስለ ልጃቸው መወለድ ያመሰግናሉ። አንድ ልደት እንዴት ሦስት ወር በሚራራቁ ሁለት ቀኖች ሊውል እንደቻለ ቆም ብሎ የጠየቀ በቤቱ ውስጥ አልነበረም። ሰው የለመደውን ነገር አይመረምርም።

የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ ሊፍቱ ከሚሠራበት ቀን የማይሠራበት ይበዛል። ባዩ ዐሥር ዓመት ሲሞላው፣ ከሰቨን ሲስተርስ ገበያ የተላከውን ይዞ በመጣ ቁጥር ደረጃ መውጣት ይሰለቸውና ቀይ ሽንኩርቱን ከታች አንድ በአንድ ወደ ሰገነቱ ይወረውር ጀመር። እናቱ ይቀልባሉ።

«ቀስ በል አንተ! እጄን ሰበርከው እኮ!» ይላሉ ከላይ።

«እማዬ፣ አራት ብቻ ነው የቀረው!»

«ደረጃው አይበላህም፤ ተሸክመህ ውጣ!» ይላሉ፤ እጃቸውን ግን ዘርግተው ይጠብቃሉ።

አንድ ቀን ይህን ትርኢት ለሕንፃው ፖስታ የሚያድለው ሲላስ አየ። ሲላስ የቶተንሃም ተወላጅ ሲሆን፣ እሑድ እሑድ በአካባቢው መናፈሻ ቤዝቦል ያሠለጥናል። ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። አንዱ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው በዱላ ሊመታው ይሞክራል። ወርዋሪው መቺውን ሦስት ጊዜ ካሳተው መቺው ይወጣል፤ ራሱ ወርዋሪው አራት ጊዜ ከዒላማ ውጭ ከወረወረ ግን መቺው በነጻ ያልፋል። ወጣቶቻችን «ፒቸር» የሚሉትን ሰው ወርዋሪ ያልሁት አውቄ ነው፤ የራሳችን ቃል ሳለ መበደር አይገባም።

ሲላስ ቀና ብሎ ወይዘሮ አልታየሽን ጠየቃቸው፦ «ስንቱን ሳተ?»

«በዚህ ወር አንድ። እሱም የጎረቤት መስኮት አገኘ።»

«እንግዲያው እሑድ ላኩልኝ።»

«እሑድ ቅዳሴ አለ።»

«ከቅዳሴ በኋላ ይምጣ። እኛ እስኪመሽ የትም አንሄድም።»

እንዲህ ተጀመረ። ባዩ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በበጋ በሣሩ ላይ፣ በክረምት በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ከግድግዳ ጋር ወረወረ። ሲላስ በመጀመሪያው ዓመት በኃይል እንዳይወረውር ከልክሎት፣ እግሩን እንዴት እንደሚያሳርፍ ብቻ አስተማረው። ልጁ አጉረመረመ እንጂ አላቋረጠም። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነው ኳሱ በሰዓት መቶ ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር ይበር ነበር። የሚመኘውም አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በመወርወር መተዳደር።

በ2023 የፀደይ ወራት መንገዱ የተከፈተለት መሰለ። በሴፕቴምበር ወደ ጣሊያን ለሚሄድ የወጣቶች ቡድን ተመረጠ። በዚያ ውድድር ላይ ደመወዝ የሚከፍሉ ክለቦች ተጫዋች ለመምረጥ ይመጣሉ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ውድድሩ በሚከፈትበት በሴፕቴምበር 21 ቀን ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላው አይሰለፍም። ከእንግሊዝ ውጭ የተወለደ ደግሞ የልደት ወረቀቱን ከነትርጉሙ ማቅረብ አለበት።

በኦገስት መጨረሻ አባትና ልጅ ወረቀቱን ይዘው ሰቨን ሲስተርስ ወደሚገኙት ወደ አቶ ጊዲዮን ሄዱ። አቶ ጊዲዮን ከአንድ የሞባይል መጠገኛ ጀርባ ጠረጴዛ ዘርግተው ሰነድ የሚተረጉሙ፣ የአቶ መርዕድ የቆየ ወዳጅ ናቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ወረቀቱን አነበቡ።

«መርዕድ፣ ይህ ልጅ የተወለደው ሴፕቴምበር ስምንት ነው።»

«ዲሴምበር ሦስት ነው እንጂ! ፓስፖርቱ ይኸው።»

«መጀመሪያ ቅጹን የሞላው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ! አፕላይ ሳደርግ ዐሥራ ሦስት አልገባ ሲለኝ የመጨረሻውን ወር ሰጠሁት።»

አቶ ጊዲዮን ሳቃቸው አመለጣቸው። «አንተ ሰው፣ አውቶቡሱንም እንዲህ ነው የምትነዳው? ሦስት ወር ሙሉ ፌርማታ ዘለሃል እኮ!»

አቶ መርዕድም ሳቁ። ያልሳቀው ባዩ ብቻ ነበር፤ በጣቱ ይቆጥራል።

«አባዬ፣ ውድድሩ ሲከፈት ዐሥራ ስምንት ከሞላኝ ዐሥራ ሦስት ቀን ይሆነኛል።»

ሳቁ ቆመ። አቶ መርዕድ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጊዲዮን፣ እንደ ፓስፖርቱ አድርገህ ጻፍልኛ። ማን ቼክ ያደርጋል? ጳጉሜን የሚባል ወር መኖሩን የሚያውቅ እንግሊዝ አለ?»

አቶ ጊዲዮን እስክሪብቷቸውን አገላበጡ። «እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም» አሉ። «ግን… ያንተ ልጅ ነው…»

«ጋሼ ጊዲዮን፣» አለ ባዩ፣ «ያለውን ይጻፉልኝ።»

«አንተ ዝም በል!» አሉ አባቱ። «በገዛ እጅህ በርህን ልትዘጋ ነው?»

«አባዬ፣ ከእኔ ቀጥሎ ተጠባባቂ የሆነው ሬድዋን ነው። እኔ ባልኖር የሚሄደው እሱ ነው። ከዛሬ በኋላ ምን ብዬ ዓይኑን አያለሁ?»

አቶ መርዕድ ሳያውቁ የጻፉት ስሕተት ነበረ፤ አውቀው ቢደግሙት ውሸት ይሆናል፤ ይህን ልዩነት ያሳያቸው ልጃቸው ነው። ወረቀቱን ገፋ አድርገው «ጻፍ፣» አሉ ለወዳጃቸው። «እኔ ያበላሸሁትን እኔው አስተካክላለሁ።» አስተካከሉም፤ ወረቀቱን ሁሉ ለማረም ሰባት ወር ፈጀባቸው።

በዚያው ዕለት አባትና ልጅ መናፈሻው ድረስ ሄደው ለሲላስ ነገሩት።

«ጳ… ምን?» አለ ሲላስ።

«ጳጉሜን። አምስት ቀን ያለው ወር ነው» አለ ባዩ።

«ደመወዝ ይከፈልበታል?»

«ኧረ የለም!» አሉ አቶ መርዕድ።

«እንግዲያው እኔም ጠላሁት» አለና ሲላስ ለጣሊያኑ ውድድር እሱ የሚያስመዘግበውን የቡድኑን ዝርዝር ከኪሱ አወጣ። የባዩን ስም ሰርዞ የሬድዋንን ጻፈ። ባዩ ቆሞ አየ፤ ዓይኑ ቢቀላም ፊቱን አላዞረም። ሲላስ ወረቀቱን አጥፎ ትከሻውን ያዘው። «ሴፕቴምበር ሃያ አራት ከሆላንድ የደመወዝተኞች ቡድን መጥቶ ከአዋቂዎቹ ቡድናችን ጋር ይጫወታል። ዐሥራ ስምንት ያልሞላውን አላሰልፍም። አንተ ግን ሞልቶሃል፤ አይደል?»

ባዩ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

እሑድ ሴፕቴምበር 24 ቀን አቶ መርዕድና ወይዘሮ አልታየሽ ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ መናፈሻው መጡ። ባዩ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መቺዎች በነጻ አሳለፋቸው።

«ልጅሽ መንገድ ጠፋው» አሉ አቶ መርዕድ።

«ያንተ ልጅ ነዋ!» አሉ ወይዘሮ አልታየሽ።

ሲላስ ወደ ሜዳው መሐል ገባ። «ስንት ዓመትህ ነው?»

«ዐሥራ ስምንት።»

«ታዲያ ለምን እንደ ዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ትወረውራለህ?»

ሦስተኛው መቺ በሦስት ኳስ ወጣ። አራተኛው ነካውና ኳሱ ወደ ላይ ብቻ ሄዶ ስለ ተቀለበ እሱም ወጣ፤ አምስተኛው ዱላውን በባዶ አየር ላይ አሽከረከረ። ከዚያ በኋላ ባዩን ያቆመው አልነበረም። አምስት ዙር ወርውሮ ስምንት መቺ ሦስት ሦስት ጊዜ አስቶ አስወጣ፤ አንድም ነጥብ አልተቆጠረበትም። ወይዘሮ አልታየሽ ደንቡ ባይገባቸውም፣ ሰው ሲጮኽ አብረው እልል አሉ፤ ሆላንዶቹም ወደ እርሳቸው ዞረው አጨበጨቡ።

ማምሻውን ሬድዋን ከጣሊያን መልእክት ላከ፦ «ዛሬ ሦስት አስወጣሁ! አንተስ?»

«ስምንት።»

«ውሸታም!»

ባዩ በሳቅ ወደቀ።

የሆላንዱ ቡድን አሠልጣኝ ከሜዳው ሳይወጣ የባዩን ስልክ ቁጥር ተቀብሎ ነበር። ቃሉንም ጠበቀ፤ በተከታዩ የፀደይ ወራት ለሙከራ ጠራው። ነገሩ በአንድ ጊዜ አልተቃናም። ባዩ ከ2024 የፀደይ ወራት ጀምሮ አንድ ዓመት ያህል በተጠባባቂዎቹ ቡድን ውስጥ ያለ ደመወዝ ወረወረ፤ ጠዋት ጠዋት በአንድ ዳቦ ቤት ሠራ፤ ቋንቋውንም ተማረ። የሥራን ክብር የሚያውቅ ሰው ይህን ዓመት እንደ ባከነ አይቆጥረውም።

በማርች 2025 ባዩ መርዕድ ደምመላሽ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከዚሁ ክለብ ጋር በደመወዝ ለመጫወት የሁለት ዓመት ውል ፈረመ። በመጀመሪያው የውድድር ዘመን በዐሥራ አራት ጨዋታዎች ወረወረ፤ ስምንቱን አሸነፈ፤ ሰባ አንድ መቺዎችን አስወጣ።