ቆረጠ ወይስ ሰበረ?

አራዳ ገበያ ሁለት የአቡጀዲ ነጋዴዎች፣ አንድ ሕንዳዊና የወሎው ሰይድ፣ እንደ ዘመኑ የተሟጋች ልማድ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ዳኛ ፊት ቀረቡ። እንግሊዝኛ ስለማውቅ እንዳስተረጉም ተጠራሁ። ሕንዳዊው «አንደርከት» የሚል ቃል ደጋገመ። ቃል በቃል ተረጎምኩት።

«ከሥር ቆረጠኝ ይላል።»

ዳኛው ሕንዳዊውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ቁስሉን ያሳየን!»

«ኧረ ጌታዬ፣ ቢላም አልያዝኩ!» አለ ሰይድ፣ መታሰሩ ታይቶት ላብ እያጠመቀው።

ስሕተቴ ገባኝና አረምኩ። «ዋጋ ሰበረብኝ ማለቱ ነው፣ ጌታዬ።»

«ቅድም ቆረጠ፣ አሁን ሰበረ! አንተ አስተርጓሚ፣ ሥጋ ነው አጥንት?»

«ከእኔ አሳንሶ፣ በርካሽ ሸጠ ነው የሚለው።»

ከበው የቆሙት ሰዎች ይህን ሲሰሙ ወደ ሰይድ ሱቅ ነጎዱ። ዳኛው በጣታቸው ወደ ሰይድ ጠቆሙ።

«ፍቱት፤ ገበያተኛው ደጁ ቆሟል። ሰይድ፣ ለእኔ አንድ ጣቃ አቡጀዲ አስቀርልኝ።»