የእማሆይ ቤት ጭስ

ላሊበላ የሚመጣ እንግዳ ቁልቁል ወደ ዓለቱ አይቶ፣ ተደንቆ ይመለሳል። ቀና ብሎ ቤቶቻችንን የሚያይ ጥቂት ነው። የእኔ ዓይን ግን ከእነሱ ላይ አይነሣም ነበር፤ ክብ፣ ከቀይ ድንጋይና ከጭቃ የተሠሩ፣ ባለ ሁለት ደርብ፣ ደረጃቸው በውጭ የሚወጣ። ድሮ ታች ከብት፣ ላይ ሰው ይኖርባቸው ነበር። በደርግ ጊዜ ከብቱ ሲመናመን ምድር ቤቱን የቅኔና የዜማ ተማሪዎች ያዙት።

እኔ ተማሪ አልነበርኩም። ከቅኔ ቤቱ አጥር ውጭ ቆሜ እሰማና ብቻዬን በአማርኛ ግጥም እሞክር ነበር። የምኖረው ባላቸው ከሞቱ በኋላ በመነኮሱ እማሆይ ምድር ቤት ነው። ማገዶ አመጣላቸዋለሁ፤ እሳቸው ያበሉኛል።

አንድ ኅዳር፣ ወገል ጤና ከተማ የምትኖር ልጃቸው ልትወልድ ደረሰችና ዱላቸውን ይዘው ተነሡ።

«ልጄ ወልዳ እስክትነሣ ነው። ለገና እመለሳለሁ። ጭሱን እንዳታቋርጥብኝ።»

«እርስዎ ሳይኖሩ ለማን ላንድድ፣ እማሆይ?»

«ለክዳኑ። ጭስ ያጣ ሣር ነቀዝ ይበላዋል። ደግሞ ቀበሌዎቹ የሚያዩት ጭሱን ነው።»

እውነታቸውን ነው። ሰው የሌለበት ቤት ለቀበሌው ይሆናል ተብሎ በስብሰባ ተነግሮ ነበር።

ገና አለፈ። በዚያ በኩል ውጊያ አለ፣ መንገዱ ተዘግቷል ተባለ። ተማሪዎቹ አፈሳ ፈርተው እየተበተኑ ሄዱ። እኔን በልጅነቴ ተሰብሮ ያልተቃና እግር ስላለኝ ማንም አልፈለገኝም።

በየጧቱ ደረጃውን ወጥቼ በእማሆይ ምድጃ ላይ ምንም ሳልጥድ ኩበት አነድዳለሁ። ዐመዱን ግን አልጥለውም። ሲመለሱ «ይኸው፣ አንድም ቀን አልቀረም» ብዬ ላሳያቸው ከምድጃው ጀርባ ከመርኩት።

ለማገዶ ወደ አሸተን ማርያም ተራራ ስወጣ ከላይ ሆኜ ጭስ የሌላቸውን ቤቶች እለይ ነበር። በየሳምንቱ በዙ። የእማሆይ ቤት ግን ይጨሳል። አንዳንዴ እኔኑ ያታልለኛል፤ የሚጠብቀኝ ሰው ያለ ይመስለኛል።

ከታች ያሉት ጎረቤታችን የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ጸሐፊ ነበሩ። ባለፍኩ ቁጥር፣ «አንተ፣ ግጥም ነው እንዴ የምትቀቅለው? ጭሱን አያለሁ፣ የሽሮ ሽታ የለም!» ይሉኛል። እስቅና ቶሎ አልፋለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መዝገባቸውን ይዘው ደረጃውን ወጡ።

«እማሆይ የት አሉ?»

«ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል፣ እትዬ።»

ዞር ዞር ብለው አዩ። የተነጠፈውን አጎዛ፣ የተሰቀለውን ነጠላ አለፉት። ዐመዱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ሞኝ! ይህን ያህል ዐመድ ከምራ የምትቀመጥ ሴት የት አየህ?»

 እሳቸውም መዝገቡን ሳይከፍቱ ወደ ደረጃው ተመለሱ።

«ነገ የቀበሌው ሊቀመንበር ይመጣል። ጥረገው።»

በቁና እየሞላሁ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ከገደሉ አፋፍ ስደፋው ንፋሱ አነሣው፤ መሬት እንኳ ሳይነካ ሄደ። ከኅዳር ጀምሮ ያለው ሁሉ ነበር።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ መጣ። ደረጃውን አልወጣም። ከታች ሆኖ ጭሱን ቀና ብሎ አየና፣ «ሰው አለበት?» አለ።

«አለበት» አሉ ጎረቤታችን። ጽፎ ሄደ።

ቤቱ ተረፈ። ዐመዱን በከንቱ እንደ ጣልኩት ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እማሆይ ቢመጡ የማሳያቸው ነገር አልነበረኝም።

በነጋታው እንደ ልማዴ ወጣሁ። በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሽሮ ጣድኩ፤ ቢያንስ ይሽተት ብዬ። መጠኑን አላውቅበትም ነበርና ለሁለት ሰው የሚበቃ ሆነ።