የልብስ ሰፊው ጥሩር

ኡበይድን ሐይቅ ከተማ ውስጥ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው ወይ ሱሪው ተቀዶ አያውቅም። ሱቁ አስፋልቱ ዳር ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ ቁልቁል ላየ ውሃው ይታያል። ግራ እግሩ ከልጅነቱ የሰለለ ስለሆነ የስፌት መኪናዋን የሚረግጣት በቀኙ ብቻ ነው፤ እንዲያም ሆኖ የሱን ያህል እጁ የሚፈጥን ሰው እስከ ውጫሌ ድረስ ፈልጋችሁ አታገኙም። መርጋት ግን አልፈጠረበትም። እየሰፋ ያወራል፣ እያወራ ይነሳል፣ ደጅ ወጥቶ ያያል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ሚስቱ አሚናት፣ «አላህ አንድ እግሩን ባይዝልኝ ኖሮ ይሄኔ ጅዳ ደርሶ ነበር» ትላለች።

ይህ ሰው አንድ አመል ነበረበት። ልኬት ከሚጽፍበት ደብተር ጎን ሌላ ደብተር አለው፤ እዚያ ላይ ከከዋክብት ወዲያ ያለች ሐምራ የምትባል ዓለም ፈጥሮ ይጽፋል። የጀመረውም ለወንድሙ ብሎ ነው። እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ተከታትለው ሲሞቱ ታናሹ ሙነወር ስድስት ዓመቱ ነበር፤ አላለቅስም ብሎ አንጀት የሚበላ ልጅ። ለኡበይድና ለአሚናት ደግሞ አላህ የራሳቸውን ልጅ አልሰጣቸውም ነበርና እሱኑ ልጅ አደረጉት። እንግዲህ ማባበያው ሐምራ ሆነች። ሐምራ ላይ በሁለት ሐይቆች ሰበብ ሦስት መቶ ዓመት የፈጀ ጦርነት አለ። ኡበይድን ያስጨነቀው ግን ጦርነቱ ሳይሆን ተዋጊዎቹ የሚለብሱት የብረት ልብስ ነበር። ስሙን ያገኘው ከደንበኛው ከእትዬ ስህን ነው። ቀሚሳቸውን ሊያስጠብቡ መጥተው፣ «እኛ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እንዲህ ያለው ጥሩር ይባላል» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥሩር ሆኖ ቀረ።

ዓመት በመጣ ቁጥር ጥሩሩም አብሮ አደገ። የመጀመሪያው ትውልድ ድፍን ብረት ነበር፤ የለበሰው ሰው ከወደቀ ሦስት ሰው ካላነሳው አይነሳም። ሁለተኛው ጉልበቱ ላይ ሞተር ተገጠመለት። እዚህ ላይ ሲደርስ ኡበይድ ሳያውቀው ግራ ጉልበቱን ያሻል። ሞተሩ ግን እንደ ወፍጮ ቤት ይጮህ ስለነበር ጠላት ከሁለት ጋራ ማዶ ሰምቶ ይጠብቃቸዋል። ሦስተኛው በፀሐይ ኃይል ሆነ፤ ድምፅ የለ፣ ጭስ የለ።

ለውጡ የመጣ ሰሞን ሰዉ ሁሉ ባንዲራ ያሰፋ ነበርና ሱቁ ውስጥ መቆሚያ ጠፋ። ኡበይድም ወረፋ ጠባቂውን በሐምራ ወሬ ያዘው። ሦስተኛውን ትውልድ አሞካሽቶ ሲጨርስ፣ ኮታቸውን ሊያስጠግኑ የመጡት ሼህ ሀሚድ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ይሄ ተዋጊህ ሰላት ሲደርስበት በምን በኩል ታጥቦ ውዱእ ያደርጋል?» አሉት።

ቤቱ በሳቅ አውካካ። ኡበይድ ግን አልሳቀም፤ ወላሂ እውነታቸውን ነው! ሳምንት ሙሉ ሲገላበጥ አደረ። በሳምንቱ አራተኛውን ትውልድ ይዞ ቀረበ፤ ከፊቱ፣ ከክንዱና ከቁርጭምጭሚቱ የሚከፈት። ሼሁ፣ «በል አሁን ሰው የሚለብሰው ሆነ» ብለው መረቁት።

አምስተኛው የኩራቱ ነበር። የለባሹን ሐሳብ ያነባል፤ ለባሹ ቢፈራ እንኳ እሱ አይፈራም፣ ይዞት ወደፊት ይሄዳል። ከውጭ ጠላት አይከፍተው፣ ከውስጥ ለባሹ አይከፍተው። ሙነወር በዚያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ይህንን ሲሰማ ዓይኑ በራ። አሚናት ቁልፍ እየተከለች ነበር። መርፌዋን አቆመች።

«መውጫው በየት በኩል ነው?»

«ምን መውጫ ያስፈልገዋል? ተዋጊ ነው እኮ!»

«አንተ ሰውዬ፣ መውጫ የሌለው ልብስ መቃብር ነው። ከፈን እንኳ ቀብር ውስጥ ይፈታል።»

ኡበይድ ቱግ አለ። ሁለት ቀን አኮረፋት። ግን ልብስ ሰፊ ነውና ነገሩ ከነከነው፤ በሦስተኛው ቀን እየተነጫነጨ ስድስተኛውን ጻፈ። ደረቱ ላይ አንዲት ገመድ አለች፤ ስትሳብ ብረቱ ሁሉ ከሰውነት ላይ ይወርዳል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እሱ ግን ለሚስቱ ሲል ለቀቀ።

ከዚያ ባንዲራ ማሰፋቱ ቀረና የሚሊሻ ሱሪ ማሳጠር መጣ። ጦርነቱ ወርዶ ወርዶ አምባሰል ደጃፍ ሲደርስ ጥቅምት ነበር፤ ሁለት ሺህ አሥራ አራት። ሙነወር አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «ስሜን አስመዝግቤያለሁ» አለ። ኡበይድ ተቆጣ፣ ለመነ፣ ሼህ ሀሚድን ሽማግሌ ላከበት፤ ልጁ ወይ ፍንክች።

«አንተ አይደለህ እንዴ ጋሼ በጥሩር ወሬ ያሳደግከኝ?» አለው በመጨረሻ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እኔ ነኝ የላክሁት አለ ኡበይድ በልቡ።

እንግዲያው ባዶውን አይሄድም። ኡበይድ እያነከሰ ብረት በያጁ ዘንድ ሄደና የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ብረት አስቆረጠ። ለደረት ሁለት፣ ለጀርባ ሁለት። ብረቶቹን በድርብ ሸራ ሰፍቶ ሰደርያ አወጣው። ሲመዘን አሥራ አንድ ኪሎ። አሚናት አጠገቡ ቆማ፣ «ገመዷስ?» አለችው። አደረገላት፤ ደረቱ ላይ አንዲት ገመድ፣ ሲስቧት ትከሻውም ጎኑም በአንዴ የሚላቀቅ።

ሊሄዱ በነበረበት ቀን ጠዋት ሙነወር ለብሶ ለካው። ሣቀና ገመዷን ሳበ፤ ሰደርያው ዱብ አለ። ደግሞ ለበሰ፣ ደግሞ ሳበ፣ ዱብ። «ጋሼ፣ ይሄማ ስድስተኛው ትውልድ ነው!» እያለ ጓደኞቹን ሊሰናበት ወጣ። ኡበይድ ግን ላብ አጠመቀው። አንድ የግራር እሾህ ይበቃል አለ በልቡ። እሾህ ገመዷን ይይዛታል፣ ብረቱ ይወድቃል፣ ልጄ በሸሚዝ ይቀራል። ዙሪያውን አየ። ሰም የተቀባውን ክር አወጣና የገመዷን መላቀቂያ ከውስጥ በኩል ሰባት ጊዜ መላልሶ ሰፋው። ለማን ይናገራል? ለሙነወር ቢነግረው ይፈታዋል፤ ለአሚናት ቢነግራት ቤቱ ይቃጠላል። ዝም ብሎ አጣጥፎ አስቀመጠውና ለዙህር ሰላት ወደ መስጊድ ወጣ። ሲመለስ ሙነወር ለብሶት አይሱዙ ላይ ወጥቶ ነበር። እጁን አውለበለበ፤ መኪናው ወደ ውጫሌ ነዳ።

በሳምንቱ ከተማዋ በሌላ እጅ ገባች። ስልክ ተቋረጠ፣ መብራት ጠፋ፣ ሰው በሰው ቤት ተጠጋ። አንድ ቀን ዓሣ አስጋሪው ወልዴ ብቅ ብሎ በሩ ላይ ቆመ። «ሐሙስ ዕለት ከወዲያ ዳር የሚሸሹ ልጆች ጀልባ ተገልብጦባቸዋል። ቀለል ያለው ዋኝቶ ወጣ አሉ። ከባድ የያዘው ግን...» አልጨረሰውም።

ያን ጊዜ ነው ሰውየው ያበደው ብል አላበዛሁም። ጥይቱን ነበር እኮ የፈራሁት፤ ውሃውን ማን አስቦት! ይላል ለራሱ። ማለዳ እያነከሰ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፣ ውሃውን ያያል፣ ይመለሳል። ከቀትር በኋላ ደግሞ ይወርዳል። መኪናዋ ፊት ተቀምጦ መርፌ ሲያነሳ ሰባቱን ስፌት ያያቸዋል፤ መርፌውን ይጥለዋል። የሐምራን ደብተር ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። አሚናትም እህል አልቀምስ አለች። ሳትናገር ታየዋለች፤ ዓይኑን ሲያነሳ ዓይኗን ትሰብራለች። አውቃብኛለች አለ ኡበይድ። አንድ ሺህ ጊዜ ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ አንድ ሺህ ጊዜ ዘጋው። እሷም ሁለት ሦስቴ «ስማኝማ...» ብላ ጀምራ ተወችው።

እንዲህ አምስት ሳምንት። ከተማዋ ከተመለሰች በአራተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አንድ የሰው ካፖርት የለበሰ ጺማም ልጅ በሩን ሞላው።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሼ።»

አሚናት እልል ማለትም ማልቀስም አቅቷት አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ኡበይድ ከመቀመጫው ሳይነሳ ሙነወር ጎንበስ ብሎ አቀፈው። ሲረጋጉ ልጁ አወራ። ከውጫሌ አፈግፍገው ወደ ሐይቁ ወረዱ፣ ጀልባው ተገለበጠ። «ብረቱ ይዞኝ ወረደ። ጭቃውን ረገጥኩ። ገመዷን ሳብኩ፣ ወለቀ፣ ወጣሁ። ይሄው ነው። አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ አንድ ገበሬ ቤት ደብቀውኝ ከረምኩ። ሰደርያህ ግን ውሃ ውስጥ ቀረች ጋሼ፣ አትቀየመኝ።»

«አይወልቅም» አለ ኡበይድ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ልትወልቅ አትችልም። ሰፍቻታለሁ። ከውስጥ፣ በሰም ክር፣ ሰባት ጊዜ። ጥይቱን ፈርቼ... ሳልነግርህ።»

አሚናት የሻሿን ጫፍ ቋጠሮ በጥርሷ ፈታች። ሰባት ቁራጭ የሰም ክር መኪናዋ ላይ አራገፈች።

«ለሰላት ስትወጣ ለልጁ ላቀብለው ብዬ ሳነሳው አየሁት። ተረተርኩት።»

«ያረቢ! ታዲያ አምስት ሳምንት ሙሉ ስቃጠል እያየሽ ምነው ዝም አልሽ?»

«ምን ልበልህ?» አለች አሚናት። «ጥይት በደረቱ ቢገባ ገዳዩ እኔ ነኝ። አንተ የሰፋኸውን ያላላሁት እኔ ነኝ። ወልዴ ስለ ውሃው ሲያወራ እንኳ፣ ብረቱ ቀድሞ ወድቆበት፣ ቀድሞ ተመቶ ይሆናል እያልኩ... ባየኸኝ ቁጥር ያወቅህብኝ ይመስለኝ ነበር።»

ከዚያ ይሄ ሲያወራ የሚኖር ሰው፣ ለእናቱ ሞት እንኳ ድምፁ ያልተሰማ፣ ግንባሩን የስፌት መኪናው ላይ ደፍቶ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ። አሚናት እጇን ጀርባው ላይ አሳርፋ እሷም አለቀሰች።

ሙነወር መቼም ልጅ ነው፣ የሚለው ቢቸግረው፣ «ያቺ ውሃ ውስጥ የቀረችው ስንተኛው ትውልድ ነበረች?» አለ።

«እሷን ጠይቃት» አለ ኡበይድ ፊቱን በክንዱ እየጠረገ። «የሠራቻት እሷ ናት።»