ጦይባ እመቤት የሆነች ዕለት

ባለፈው ሳምንት ውጫሌ የምትማረው የልጅ ልጄ ሐያት ደውላ፣ «እማ፣ በትምህርት ቤታችን ቴአትር ላይ ዳኛ ሆኜ ልሠራ ነው!» አለችኝ። እንደ ዋዛ ስታወራው ሳቄ መጣ። እኔ በእሷ ዕድሜ ሳለሁ እዚህ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሴት ሆነው የሚጫወቱት ሻሽ ያሰሩ ወንዶች ነበሩ።

ዘመኑ የኪነት ቡድን ዘመን ነበር። የአማርኛ አስተማሪያችን ስለ ዘር ቆጠራ ቴአትር ጻፈ። የባለርስት ልጅ የሸክላ ሠሪ ሴት ልጅ ይወዳል፤ እናቱ ደግሞ ልጅቷን አዋርዳ ታባርራታለች። አስተማሪው «የሴቶቹን ቦታ ሴቶች ካልሠሩት ይቅር» ሲል እኔና ጓደኛዬ ጦይባ እጃችንን አወጣን።

ጦይባ እውነተኛ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረች። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን እየተማርን የቤታችንን ደፍ አልፋ አታውቅም። እናቷ እሷን አስከትላ ድስት ልትሸጥ ስትመጣም እናቴ ደጅ አቁማ ውኃ የምትሰጣት ለብቻው በተቀመጠ ቅል ነበር። «ቡዳ ናቸው» ይባላል፤ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም።

አስተማሪው የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ቦታ ለጦይባ ሊሰጣት ሲል፣ «እሱንማ በየቀኑ እሠራዋለሁ፤ እመቤቲቱን፣ የልጁን እናት ይስጡኝ» አለችው። ትንሽ አሰበና ሰጣት። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ለእኔ ደረሰች። አባቴን ለምና ያስፈቀደችልኝ እናቴ ናት፤ ማን ሆኜ እንደምጫወት ግን አልነገርኳትም።

ጥቅምት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አዳራሹ ጢም አለ። ሰው የበቆሎ እሸት እየጋጠ፣ ማሲንቆው አምባሰልን እያንቆረቆረ ጦይባ ወገቧን ይዛ ገባች። ጣቷን ቀስራ፣ «እዚያው ቁሚ! ጥላሽ እንኳ ማዕዴን እንዳይነካ!» ብላ ጮኸችብኝ። አነጋገሯ፣ አረማመዷ፣ የጣቷ አቀሳሰር ሁሉ የእናቴ የዘምዘም ነበር።

«ኧረ ዘምዘም ራሷ ናት!» አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ደርቃ ቀርታለች። ቃሉ ሁሉ ጠፋብኝ።

«አብሽሪ፣ ቀጥይ» አለች ጦይባ በሹክሹክታ።

«እመቤቴ፣» አልኩ፣ «ወጥሽ የሚበስልበትን ድስት የማን እጅ ሠራው?»

 ከዚያ ከሴቶቹ በኩል እልልታው ቀለጠ።

እናቴ ማታ ራት ላይ፣ «ወላሂ እንዲህ ነው የምናገረው?» አለችኝ።

«እንዲሁ ነው።»

ድንገት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። በሚቀጥለው የገበያ ቀን የጦይባን እናት ከደጅ ጠራቻት። «ግቢ እንጂ እህቴ! ልጅሽ አገር ፊት አስቃብኛለች፤ አንቺ ደግሞ እንጀራዬን ቅመሺልኝ።» በአንድ ገበታ የሐይቃችንን ጥብስ ዓሣ በላን። ጦይባም በእናቴ ልመና እናቴን ደግማ ተጫወተቻት።

ጎረቤቱ ብዙ ዘመን አጉረመረመ። ዛሬም በጋብቻ ሰሞን ዘር የሚቆጥር አይጠፋም። ግን እናቴን ሽማግሌ ቢመክራት እሺ አትልም ነበር፤ ራሷን ከሩቅ አይታ መሳቋ ግን ልቧን ከፈተው።

ትናንት ጦይባን፣ «ያን ቀን አልፈራሽም?» አልኳት።

«ፈራሁ እንጂ፤» አለች አሁንም እየሳቀች። «ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ መናገር እንዲያ እንደሚጣፍጥ ማን ነግሮኝ?»