ሁለት እጅ የነካው ውሃ

ስለ ባሌ ታላቅ እህት ደግ ነገር እንድናገር የሚጠብቅ ካለ ከአሁኑ ተስፋውን ይቁረጥ። ለዚህ ቤት ምራት ሆኜ ከገባሁ ጀምሮ ጥርሷን ያየሁት ስታዛጋ ብቻ ነው። ደንበኞች «ኮምጣጤ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ውሃው ውስጥ በምትጨምረው አሲድ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ፊቷን አይተው ነው ባይ ነኝ።

የቤተሰቡ መተዳደሪያ ከመኖሪያችን ሥር ያለ መታጠቢያ ቤት ነው። ፎጣ የምሰጥበት መስኮት፣ ልብስ መቀየሪያ፣ ከዚያ ወለሉ ሁልጊዜ የረጠበ አንድ ክፍል። መሀሉ ላይ ከሥሩ አረፋ የሚተፋ ክብ የሙቅ ውሃ ገንዳ አለ። ጥቂት ሰዎች ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ይቀመጡበታል። ኮምጣጤ ጠዋት ጠዋት ገንዳው ላይ አጎንብሳ መመርመሪያ ወረቀቷን ትነክራለች፣ ቀለሙን ዓይኗን አጥብባ ታያለች፣ ከዚያ ከሰማያዊው ጀሪካን አሲድ ትለካለች። ሙቀቱና አረፋው ውሃውን በየቀኑ ያበላሹታል። አሲድ ካነሰው ይደፈርሳል፣ ቧንቧውም ነጭ ቅርፊት ያወጣል። ከበዛበት ደግሞ ብረትም ቆዳም ይበላል። ክሎሪኑም እንዲሁ ልክ ልኩን ይፈልጋል።

ሥራዋን ታውቃለች፣ አልዋሽም። ችግሩ ሰውንም እንደ ውሃው ልታስተካክል መፈለጓ ነው። «ቅባትሽን ሳትታጠቢ እግርሽን ብታስገቢ ወዮልሽ!» ብላ ሙሽራ አስለቅሳለች። የገዛ ባሏ አንድ ቀን «ከውሃሽ ጋር ኑሪ» ብሎ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወጣ። እሷ ታዲያ በጫማው የታጠበ ወለል እንዳይረግጥ ነበር አሉ የጮኸችበት።

ባሌ ከእሷ ይሻላል ማለቴ አይደለም። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል! እናታቸው የመታጠቢያ ቤቱን ጠዋት ለሴት ልጇ፣ ከሰዓቱን ለወንድ ልጇ አከፋፍላ ሞተች። ለሁለት መከፈል የሌለበት ነገር ቢኖር የገንዳ ውሃ ነው። አንድ ቀን ኮምጣጤ ስትመጣ ውሃው ደፍርሶ አገኘችውና፣ ደንበኞች ፎጣቸውን ታጥቀው እያዩ «ይሄ የእግር እጣቢ ነው!» ብላ ያንን ሁሉ ውሃ ለቀቀችው። ባሌም መመርመሪያ ወረቀቶቿን ሰብስቦ ፍሳሽ ቱቦው ውስጥ ከተተባት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሆድና ጀርባ ሆኑ። በአንድ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ፣ አንድ ውሃ እያከሙ፣ ቃል ሳይለዋወጡ ዓመታት አለፉ።

መሀላቸው ላይ የነበሩት አባታቸው ናቸው። አባባ ጉልበታቸው ታሟል፤ በደረቅ መሬት ግድግዳ ካልያዙ አይራመዱም። ገንዳው ውስጥ ግን ውሃው ስለሚሸከማቸው ዙሪያውን ብቻቸውን ይሄዳሉ። እኩለ ቀን ላይ፣ እሷ ወጥታ እሱ ሲገባ፣ ገንዳው የእሳቸው ነው። ሐኪማቸው «ይቺን እርምጃ ካቋረጡ ጉልበትዎ እንደዛገ ማጠፊያ ይቀራል» ብሏቸዋል። እየዞሩ ሲያፏጩ ስሰማ የዚያን ቤት ክፋት ሁሉ እረሳው ነበር።

ልጆቻቸው ታዲያ መልእክተኛ አደረጓቸው። «አባባ፣ ለዚያ ደንቆሮ ንገረው፣ ክሎሪኑን ዛሬ እንዳይነካ።» «አባባ፣ ለዚያች መርዝ ንገራት፣ ማጣሪያውን አጥባ ትውጣ።» ሽማግሌው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ይወስዳሉ፣ ያመጣሉ።

አንድ ቀን ኮምጣጤ አሲዱን ጨምራ እንዳበቃች መብራት ጠፋ። ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ ቆመ። ፓምፕ ካልዞረ አሲድ አይዋሃድም፤ ከባድ ነውና ወደ ታች ይዘቅጣል። እሷም አባባ አግዳሚው ላይ ካባቸውን ለብሰው ወደተቀመጡበት መጣችና ጮኸች፤ «ለዚያ ገልቱ ንገረው! አሲድ ጨምሬያለሁ፣ ሥሩ ነው ያለው፣ ፓምፑ ሳይዞር ማንም እንዳይገባ! ሌላ እንዳይጨምር! ይሄ እንኳ ይግባው!» ፎጣ እያጣጠፍኩ ስድቡን ሰማሁት፤ የቀረውን የለመድኩት ጩኸት ነው ብዬ ተውኩት። በሩ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፋ ብትወጣ ምን ነበረበት? ለእሱ አንድ መስመር መጻፍ ሞት መሰላት።

ባሌ ሲገባ መብራቱ ተመልሷል፤ ፓምፑ ግን በእጅ ካላስነሱት አይዞርም። ከአባቱ ጋር ሁለት ቃል ተነጋገሩ። ወረቀቱን ከላይ ከላይ ነክሮ አየና «ያቺ ዘረጦ ረስታዋለች» ብሎ የራሱን አሲድ ደገመበት። ከዚያ ፓምፑን ሊያስነሳ ወደ ደረጃው ሥር ሄደ። አባባም እንደ ልማዳቸው የገንዳውን መያዣ ብረት ይዘው ወደ ውሃው ወረዱ። እግራቸው ከድሮም ስሜቱ ደካማ ነው፤ ሙቀቱ ዛሬ በረታ እያሉ አንድ ዙር ዞሩ። ፓምፑ ሲነሳ አረፋው ከሥር ያለውን ሁሉ ወደ ላይ ገለበጠው፣ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ያንን ጩኸት ከዚያ ሽማግሌ አፍ እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ስናወጣቸው ከቁርጭምጭሚታቸው በታች ቆዳው ተገሽልጧል።

ሐኪም ቤት ዓይናቸውን አጥበው፣ እግራቸውን ጠቅልለው መለሱልን። አልጋ ላይ አስተኛናቸው። ኮምጣጤ በራስጌ፣ ባሌ በግርጌ ቆሙ፤ እዚያም ሆነው አይተያዩም።

«አባባ፣ አልነገርኩህም?» አለች።

«ነግረሽኛል።»

«እና ምን አልከው?»

አባባ አብጠው በተጨፈኑ ዓይኖቻቸው ወደ ጣሪያው ዞሩ። «‹እህትህ ሰላም ብላሃለች› አልኩት።»

አባባ ቀጠሉ፤ «ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የምለው። ለአንቺም እንደዚያው። ስድብ ከልጅ ወደ ልጅ እንዴት ይወሰዳል? መጀመሪያ መጀመሪያ እየሰማሁ እተወው ነበር። በኋላ መስማቱንም ተውኩት። አፍሽ ሲከፈት እኔ የምነግረውን ሰላምታ አስባለሁ። አሲድ ማለትሽን እንኳ ልብ አላልኩም።»

ሌላ ሰው ቢሆን እግራቸው ላይ ተደፍቶ ያለቅስ ነበር። ኮምጣጤ ግን ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «ይሄን ሁሉ ዘመን ሰላም የምለው መስሎት ነው የኖረው?»

«መስሎኝ ነው እንጂ!» ብሎ ጮኸ ባሌ፣ ቀጥታ ለእሷ። «ፊትሽን አዙረሽ አልፈሽኝ ስታበቂ ሰላምታ ትልኪያለሽ! ምን ያህል እንዳናደድሽኝ ታውቂያለሽ?»

«እኔስ? አንተስ ስትልክ? ይሄ አስመሳይ እያልኩ ስንት ቀን እህል አልበላ ብሎኛል!»

እንዲህ ነው የታረቁት፣ እርቅ ከተባለ። የገዛ አባታቸው እግር ተልጦ ተኝቶ እነሱ ስለ ሰላምታው ተናደዱ። በር አስይዤ ሁለቱንም ገፍቼ አስወጣኋቸው።

የእግራቸው ቆዳ ዳነ። ጉልበታቸው ግን እስኪድን አልጠበቀም፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይደርቃል። ሐኪሙ «ዛሬ ነገ ሳይሉ ውሃ ውስጥ ይግቡ፣ አለዚያ ይሄ ጉልበት አይታጠፍም» ብሎ ሄደ። ወንድምና እህት አሁን ይነጋገራሉ፤ «ጨምሬያለሁ!» «ሰምቻለሁ!» እያሉ ፎቅ ድረስ ይጮሃሉ። ውሃው እንደዚህ ጠርቶ አያውቅም፣ የወለሉ ንጣፍ አንድ በአንድ ይቆጠራል። አባባ ግን «እግሬን ውሃ አላስነካም» አሉ። ኮምጣጤ ለመነች። በሕይወቷ ሰው ስትለምን ያየሁት ያኔ ነው፤ አያምርባትም።

በመጨረሻ አባባ ወንበር ላይ ተቀምጠው ወደ ገንዳው ጥግ እንድናወርዳቸው ፈቀዱ። ደረስን። ውሃውን አዩት፣ ልጆቻቸውን አዩ።

«እናንተ ግቡበት» አሉ።

«አባባ...»

«ሁለታችሁም። አንድ ላይ።»

ኮምጣጤ ከነቀሚሷ፣ ባሌ ከነሱሪው ገቡ። በዚያች ጠባብ ገንዳ ጉልበታቸው ሳይነካካ መቀመጥ አይቻልም፤ ቢሆንም ሞከሩ። እሷ ወደ ቧንቧው፣ እሱ ወደ በሩ ዞሩ። አረፋው ቀሚሷን ሲነፋባት በጥፊ መታችው። እኔ የባለቤቴን እህት ውሃ ውስጥ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። ሳቄን ስውጥ እንባዬ መጣ፤ ምክንያቱም አባባ አይስቁም ነበር። የወንበሩን እጀታ ጨብጠው የልጆቻቸውን ፊት እያፈራረቁ ያያሉ።

በማግስቱም እንደዚያው አሉ። ከዚያም በኋላ። አሁን በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ሁለቱ ገብተው ይቀመጣሉ፣ አባባ ከዳር ሆነው ይመለከታሉ። ትናንት ጉልበታቸውን ላቃናላቸው ብሞክር እንደ እንጨት ተገተረብኝ።

ዛሬ ኮምጣጤ ከውሃው ውስጥ እጇን ዘረጋችላቸው። «አባባ፣ በእናታችን፣ አየኸው እኮ፤ ምንም አይቆጠቁጥም።»

አባባ እጇን አዩት፣ አልያዙትም።

«እናንተን» አሉ፣ «ምን ይቆጠቁጣችኋል? እግሬ ተልጦ እንኳ የቆጠቆጣችሁ ሰላምታው ነው።»

ከዚያ ወደ ፎቅ እንድመልሳቸው ጠየቁኝ።