የልብስ ሰፊዋ መድኃኒት

ልብስ ሰፊዋን ሰፈርተኛው «ሐኪሟ» ነው የሚላት። ነጭ ጋዋን ለብሳ አታውቅም፤ ሰፍታ ግን ታውቃለች። ስልኳን የጨርቅ ክምር ላይ አስደግፋ፣ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣ ስለ ጉበቱም ስለ ኩላሊቱም የሚያወራ ቪዲዮ ስታዳምጥ ትውላለች። ቀሚስ ልታሳጥር የመጣች ደንበኛ ወገቧን እየተለካች «እዚህ ጋ አያምሽም?» ትባላለች። ያላመማትም ማመም ይጀምራታል። አይ ሐኪሟ! ክፋት እኮ የለባትም፤ የታመመ ሰው ስታይ አንጀቷ አይችልም።

ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ደም ግፊት አለበት። አንድ ቀን ጢሙን ያሳመረ ሰውዬ ስልኳ ላይ ብቅ ብሎ፣ «ኪኒን የዕድሜ ልክ እስር ነው፤ ይህን መራራ ቅጠል ቀቅሎ የጠጣ ግፊቱን ይሰናበታል» አለ። እሷም አመነች። የባሏን ኪኒን ከመሳቢያ አውጥታ ጣለችና ጠዋት ጠዋት አንድ ብርጭቆ ጥቁር ውሃ ታስጨብጠው ጀመር። እሱም ፊቱን አጨማዶ ጭልጥ ያደርግላታል። ሰንበትበት ብሎ ግፊቱን ሲለካ፣ ልክ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያማ ማን ይቻላት! በቤተ ዘመዱ የቴሌግራም ግሩፕ ድምፅዋን ቀድታ ላከች፤ «ወገኖቼ፣ ባሌ ኪኒኑን ጥሎ ድኗል። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።» አቀቃቀሉን፣ መጠኑን፣ ሁሉንም አስረዳች። ግሩፑ በልብ ምልክት ልብ በልብ ሆነ። አንዱ ለመሥሪያ ቤቱ፣ ሌላዋ ለጎረቤቶቿ አስተላለፈችው። ታላቅ እህቷ ብቻ ሰምታ ዝም አለች። እሷም ግፊት አለባት፤ ያውም ከሹፌሩ የባሰ። እናታቸው ከሞተች በኋላ ልብስ ሰፊዋን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት።

ሰሞኑን ምሳ ላይ ሐኪሟ ጉራዋን ትነዛ ነበር። «ያ ኪኒን ያዘዘልህ ሐኪም አሁን ቢያይህ ያፍራል» አለችው። ባልየው ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እኔ እምልሽ... እንዳትቆጪ።»

«ምን ሆንክ ደግሞ?»

«ኪኒኑን አልተውኩም። ሌላ ገዝቼ አውቶቡሱ ውስጥ አስቀምጬ ስውጥ ነው የከረምኩት። ያንቺንም እጠጣለሁ፤ ለቤት ሰላም ብዬ።»

መጀመሪያ ሳቋ መጥቶ ነበር። ወዲያው ፊቷ አመድ መሰለ። «እትዬ!» አለች።

ስልኳን አፈፍ አድርጋ ድምፁን ከግሩፑ አጠፋችው። ምን ዋጋ አለው! ካፍ ከወጣ አፋፍ፤ እዚህ ቢጠፋ ስንቱ ስልክ ውስጥ ተቀምጦ ይሆን? እህቷ ጋ ደወለች፤ አይነሳም። ደገመች፤ አይነሳም። ባሏ «ገበያ ወጥታ ይሆናል» ይበላት እንጂ እሱም መቀመጥ አቅቶታል። እንደገና ስትደውል የእህቷ ልጅ አነሳች።

«እናትሽን አቅርቢልኝ!»

«ተኝታለች አክስቴ። ጠዋት ራሴን ስትል ነበር። አሁን ደግሞ አፏ ወደ አንድ ጎን ዘመም አለ፤ የምትለውም አይገባንም።»

«ኪኒኗንስ?»

«የላክሽውን የሰማች ቀን ነዋ የጣለችው። አንቺ ካልሽማ ብላ።»

ልብስ ሰፊዋ ወንበሩን ገፍትራ ተነሳች። «ሐኪም ቤት ውሰዷት! አሁኑኑ! ትሰሚኛለሽ?»

«ሐኪም ቤት?» አለች ልጅቷ ግራ ገብቷት። «አይዞሽ፣ አትደንግጪ አክስቴ። ጎረቤት ሁሉ መጥቷል። ያንቺን ድምፅ ከፍተን፣ እንዳልሽው አድርገን፣ ቅጠሉን በማንኪያ እየሰጠናት ነው እኮ።»